የጫጩቶቹ አደራ

የካቲት 6

ለተከበሩ አማቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ስል እንግዲህ፣ እግሬን ከራሴ ከፍ አድርገው አስተኝተውኝ የጣሪያውን ምስማር ስቆጥር እውላለሁ። ጽንሱ ስምንተኛ ወሩን እስኪይዝ ከአልጋ መውረድ ክልክል ነው ተብያለሁ። የነርሶቹ ስልክ ያለው ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ እኔ እዚያ ድረስ አልራመድ፣ እርስዎ ስልክ አይሰሙ። ዕድሜ ለፖስታ።

ዶሮዋ ነከሰችኝ ላሉት፣ ተንኮል አይደለም። የታቀፈች ዶሮ ዘመድ አታውቅም። ከኋላ ሳይሆን ከፊቷ ይቅረቡ፣ እያነጋገሯትም ይሁን። ልጅዎ የመኪና ጓንቱን ከበሩ ጀርባ ሰቅሎታል፤ እሱን ያድርጉ።

አሁን ከሥሯ ያሉት ስድስቱ ነጠብጣብ እንቁላሎች የትልቋ ቱርክ ዶሮ ናቸው። ቱርክ ሃያ ስምንት ቀን ይፈልጋል፣ ዶሮ ሃያ አንድ። ስለዚህ ቱርኮቹ ሳምንት ሲሞላቸው፣ ማለት በየካቲት አሥር፣ አራት የዶሮ እንቁላል ይጨምሩላት። እኩል ይፈለፈላሉ። "ምን አስቸኮለሽ፣ ለየብቻ አይሆንም ወይ?" ብለውኛል። አይሆንም። የቱርክ ጫጩት ሲወለድ መብላት አያውቅም፤ እህል ፊቱ ተከምሮ በረሃብ ይሞታል። የዶሮ ጫጩት ግን ከቅርፊቱ እንደወጣ መልቀም ይጀምራል፣ ቱርኩም እሱን አይቶ ይማራል። አባቴ "ተማሪ ከመጥራትሽ በፊት አስተማሪ ቅጠሪ" ይለኝ ነበር።

ግቢው ሸተተ ያሉኝን አልረሳሁም፤ ዶሮዎቼን እንደማይወዷቸውም አውቃለሁ። ግን ሁለተኛው ጽንስ ከወረደብኝ በኋላ ከአልጋ ያስነሱኝ እነሱ ናቸው። ልጅዎ እንደሆነ መንገድ ነው ቤቱ። በየሁለት እሑዱ በዚህ ሲያልፍ የጭነት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠይቀኛል፣ ይሄዳል። ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም። አደራ።

ምራትዎ


የካቲት 12

ለምራቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሆድሽስ? አርባ ዓመት የደንብ ልብስ ስሰፋ ዶሮ የማውቀው ድስት ውስጥ ነበር፤ በስተርጅና የዶሮ አዋላጅ ሆንኩልሽ። የስፌት መኪናው ጆሮዬን በላው፣ ዶሮሽ ደግሞ ጣቴን ልትጨርሰው ነው።

አራቱን እንቁላል ባልሽው ቀን አስገብቻለሁ። ጓንቱን አጥልቄ፣ በላዩ ፎጣ ጠምጥሜ፣ እንደ ሌባ ተንሸራትቼ ገባሁ። አየችኝ። አየኋት። ከዚያ አንድ በአንድ በመንቁሯ እየሳበች ወደ ሆዷ ስትከታቸው ቆሜ ቀረሁ። እኔ የሰው እጅ ሳይ ነው የኖርኩት፤ ይቺ እጅ ሳይኖራት እንዲያ ታደርጋለች።

ባልሽ ቅዳሜ መጥቶ ሸሚዙን አጥቤለት ሰኞ ሄዷል። ወደ ወደብ የሚደርስ ጭነት አለው። ሲወጣ "እማዬ፣ ዶሮዋን አታስቆጪያት" ብሎ እንደ ሕፃን ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አላውቅም።

ስለ ግቢው ላነሳሽው፦ ሸትቷል። ውሸት አልችልም። ቂም ግን የለኝም፣ አንቺም አትያዥብኝ።

አማትሽ


የካቲት 23

ለምወድሽ ምራቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱ ደህና ነው፣ ዶሮዋ ደህና ናት፣ ሁላችንም ደህና ነን።

እሑድ ለምን አልመጣም ላልሽው፣ ድርጅቱ በሌላ መስመር መድቦት ነው። ባንቺ በኩል አያልፍም። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገሩትም። ደህና ነው። ደህና ነው ስልሽ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል። አንቺ ብቻ አትጨነቂ፤ ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ።

ለምን እንዳልጻፈልሽ የጠየቅሽውን፣ ቸኩሎ ነው።

ቀለሙ የተንጠባጠበው እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም። ብዕሩ ነው። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ሰላም ብሎሻል። በርቺ የኔ ልጅ።

አማትሽ


የካቲት 27

ለተከበሩ አማቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አምስት ዓመት ሙሉ "ለምወድሽ" ብለውኝ አያውቁም። ቢሉኝ ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር፤ ሲሉኝ ግን ፈራሁ። ነርሷ የልብ ምቴን ለክታ ምን አንብበሽ ነው ብላ ወረቀቱን ከእጄ ልትወስድ ነበር።

ለማንኛውም የመፈልፈያው ቀን ደረሰ፤ ልብ ብለው ያንብቡልኝ። የመጀመሪያውን ቀን ምግብ አይፈልጉም፣ የአስኳሉ ስንቅ ሆዳቸው ውስጥ አለ። በማግስቱ እንቁላል ጠንከር አድርገው ይቀቅሉና ከሳማ ቅጠል ጋር አድቅቀው ይክተፉት። ሳማው ላይ መጀመሪያ የፈላ ውኃ ያፍስሱበት፣ አለዚያ ይለበልብዎታል። በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይስጧቸው፤ ያደረ ግን በፍጹም። ውኃውን በብርጭቆ ማስቀመጫ ሰሃን አድርገው ጠጠር ይሙሉበት፤ የቱርክ ጫጩት ጣት በማያሰጥም ውኃ ሰምጦ ይሞታል። ከሥራቸው ጋዜጣ አያንጥፉ፣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይበረገዳል፤ የአናጢ ፍቅፋቂ ይሁን። ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ሣሩ አያውጧቸው። ምግቡ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ጣል ያድርጉበት፤ ዓይናቸው ብልጭታ ይወዳል፣ እሱን ሊነኩ ሲሉ ይበላሉ።

ሙቀቱን ለእናቲቱ ይተዉላት። እሷ ታውቃለች።

ሌላ ወረቀት አጥፌ ጨምሬበታለሁ። በላዩ አንዲት ጥያቄ አለች። ልጅዎ ሲመጣ ይጠይቁልኝና የሚላትን እንዳለች ይጻፉልኝ። ቀላል ጥያቄ ናት።

ምራትዎ


መጋቢት 3

ለምራቴ፤

እንኳን ደስ ያለሽ! ዘጠኝ ነፍስ ወጣ። አራቱ የዶሮ ሁሉም፣ ከቱርኮቹ አምስት። ስድስተኛው ቅርፊቱን ወግቶ ደከመውና ቀረ። "ለምን ነኩት?" ብለሽ እንዳትቆጪኝ አልነካሁትም፤ ግን ቆሜ ማየት ከበደኝ።

አንገታቸው እንዴት ይረዝማል! ዓይናቸው የተከፈተ፣ ግን የማያዩ። ምግቡ ላይ ቆመው ግድግዳ ያያሉ። የአዝራር ሳጥኔን አምጥቼ፣ የማይዋጡትን ትልልቅ ቀይ የካፖርት አዝራሮች እንቁላሉ ላይ በተንኳቸው። አንዷ የዶሮ ጫጩት መጣችና እንቁላሉን ለቀም አደረገች። ቱርኩ እሷን አየ፣ አዝራሩን አየ፣ ነካ። ሳተው። ደግሞ ነካ። እግዜር ያሳይሽ፣ አጨበጨብኩ፤ ሰዓት ሠሪው ምን ሆነሽ ብሎ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

የዶሮ ቤቱን ሽቦ ባልሽ አጥብቆታል። ትናንት ለግማሽ ቀን መጥቶ ነበር። ውኃም ቀዳልኝ፣ ጠጠሩንም እሱ ነው የለቀመው። ጥያቄሽን ግን ረስቼ ሳልጠይቀው ሄደ። በሚቀጥለው።

ስለ ሆድሽ መጠንከር የጻፍሽልኝን ለሐኪሙ ነግረሻል? ንገሪው። አትደብቂ።

አማትሽ


መጋቢት 12

ለምራቴ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። በዚህ እጀምራለሁ።

ሦስት ቱርኮች ሞተውብሻል። ጥፋቱ የኔ ነው። የታመመ ሰው ልጠይቅ ሦስት ቀን ከቤት ወጣሁና ለሰዓት ሠሪው አደራ ሰጠሁት። እሱ ደግ ሰው ነው፤ ውኃው አነሳቸው ብሎ አዘነና ጠጠሩን አውጥቶ በጎድጓዳ ሰሃን ሞላላቸው። ሁለቱ ሰጠሙ፤ አንዱን በስብሶ ብርድ ገደለው። ስመለስ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ልጮህበት ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ሁለት ቱርኮችና አራቱ የዶሮ ጫጩቶች አሉ።

ማንን ልትጠይቂ ሄድሽ ብትይኝ፣ አታውቂውም። የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው።

ሁለተኛው እሑድም አለፈ ያልሽው እውነት ነው። ድርጅቱን ምን ይደረጋል።

ጥያቄሽን ጠየቅሁት። የታቀፈችውን ዶሮ "ቀይዋ" ነው የምላት አለ። ሰላምም ብሎሻል።

አማትሽ


መጋቢት 16

ለተከበሩ አማቴ፤

ስለ ሦስቱ ቱርኮች ይቅርታ አያስፈልግዎትም። ለሰዓት ሠሪውም እንዳልተቀየምኩት ይንገሩልኝ። እኔም የመጀመሪያዎቹን የገደልኳቸው በዚያው ዓይነት ደግነት ነው።

አሁን ግን ስለ ሌላው።

ባለቤቴ ያቺን ዶሮ "ቀይዋ" ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ "ሻለቃ" ነው የሚላት። ይቅርታ ያድርጉልኝና ስሙን ያወጣላት በእርስዎ ነው፤ ቤት ውስጥ ሳይሰሙን እርስዎን እንዲያ እንልዎታለን። ቢጠይቁት ኖሮ ወይ ይስቅ ነበር፣ ወይ ወሬ ይቀይር ነበር። "ቀይዋ" አይልም። ስለዚህ አልጠየቁትም። ያልጠየቁትም የሚጠየቅበት ቦታ ስለሌለ ነው።

ሽቦውንም እሱ አላጠበቀውም። ጠጠሩንም እሱ አልለቀመውም። እርስዎ ውሸት አልችልም ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ እውነትም አይችሉም።

አስቤ አስቤ ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። አንደኛው ሞቷል ነው። ሁለተኛው ትቶኛል ነው። ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ከሆስፒታል ይዞኝ ተመልሷል፤ ሦስተኛውን ማየት አቅቶት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አልፈርድበትም። ግን ልወቀው። ከጎኔ የተኛችው ሴት ባሏ በየቀኑ ብርቱካን ይዞላት ይመጣል፤ እኔ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አቀናለሁ። ሐኪሙ "አትደንግጪ" ይለኛል። እማማ፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ በሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የዶሮ ወሬ አይጻፉልኝ። አንድ መስመር ብቻ፦ አለ ወይስ የለም?

ምራትዎ


መጋቢት 20

ልጄ፤

አለ። በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን አንብቢና አረፍ በይ፤ ከዚያ ቀጥይ።

የካቲት አሥራ ስድስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ እየሮጠ መጣ። ስልክ የሚሰማልኝ እሱ ነው። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚለው ግን አልገባኝም። ሲቸግረው የልብስ ጠመኔዬን አንስቶ ግድግዳው ላይ ጻፈው፦ "መኪናው ተገልብጧል። በሕይወት አለ።" ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት፣ በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ ተራራ። ተራራውን መረጠ። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ያኔ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ሐኪምሽ ድንጋጤ እንዳይደርስባት ያለው ትዝ አለኝና "ለምወድሽ" ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወዲያ እጄ እሺ አላለኝም። የታመመ ሰው ልጠይቅ ያልኩሽም እሱን ነው። መንገዱ ሙሉ ቀን ነው፣ አንድ ቀን አየሁት፣ ሌላ ቀን ተመለስኩ።

የተባባልነውን እንዳለ ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ አልደብቅሽም።

ጆሮዬን ያውቃልና እየጮኸ ነው የሚያናግረኝ፤ የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ሰማን።

"ነገርሻት?" አለኝ።

"አልነገርኳትም።"

"እንዳትነግሪያት። ጥሎሽ ሄደ በያት።"

"ምን አልክ?"

"ባሕር ማዶ ሥራ አገኘና ሄደ በያት! ትናደዳለች፣ ትሰድበኛለች፣ ከዚያ ይወጣላታል። እስካሁን ያየችው አይበቃትም? አሁን ደግሞ እኔን እየደገፈች ሽንት ቤት ልትወስደኝ ነው?"

"እሷ ይህን ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀሃታል?"

"እማዬ፣ ወይ ይህን ትነግሪያታለሽ ወይ ሁለተኛ እንዳትመጪ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ ብጮህም አልዞረም። ልጄ ነው፣ እልኩን ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ እሱ ያዘዘኝ ውሸት አንድ ነው፣ እኔ የዋሸሁሽ ሌላ። እሱ ሄደ እንድልሽ ፈለገ፤ እኔ እምቢ ብዬ በየደብዳቤው ከቤት አስቀመጥኩት። ሽቦ አሳሠርኩት፣ ውኃ አስቀዳሁት። ስጽፈው ለትንሽ ጊዜም ቢሆን እውነት ይመስለኝ ነበር።

ሻለቃ መባሌን ሳነብ ልስቅ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አነበብኩ።

ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ግን ጻፊልኝ።

አማትሽ


መጋቢት 28

ልጄ፤

ደብዳቤዬ ደረሰሽ? ስምንት ቀን ሆነው። ፖስታ ቤት በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ጸሐፊዋ ገና ከበሩ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች።

ከሁለቱ ቱርኮች የአንዱ ኩስ ቢጫ ሆኗል፣ ክንፉንም ይጥላል። ምን ላድርግ? የዶሮ ወሬ አትጻፊልኝ ብለሻል፣ ግን የምጠይቀው የለኝም።

ትልቋ ቱርክ ራሷ እንቁላል ጥላ ጥላ ከማገዶው ጀርባ ታቅፋለች። አልነካኋትም።

አማትሽ


ሚያዝያ 2

ልጄ፤

አንድ መስመር ላኪልኝ። ስድብም ቢሆን።


ሚያዝያ 5

ሰዓት ሠሪው ወደ ሆስፒታሉ ደወለልኝ። አንዲት ሴት አንስታ፣ ያቺ በሽተኛ ከዚያ ክፍል ወጥታለች፣ ወዴት እንደሄደች እኔ አዲስ ነኝ አላውቅም አለችው። ይህንንም በጠመኔ ጻፈልኝ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ሥር ነው የጻፈው፤ ግድግዳውን ማየት አልቻልኩም፣ ጨርቅ ሰቀልኩበት።

እውነቱን ፈልገሽ ነው የነገርኩሽ። እውነቱን ነግሬሽ ምን አደረግኩሽ? በዋሸሁሽ ይሻል ነበር? ልጄ፣ እንዲህ ዝም አትበይኝ።

በአሥር ቀን ውስጥ ካልጻፍሽ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ እመጣለሁ። ጆሮዬ ባይሰማም ዓይኔ አለ፣ ክፍል ለክፍል አይቼ አገኝሻለሁ።


ሚያዝያ 10

እማማ፤

አለሁ። ልጅቱም አለች።

ሴት ናት። መጋቢት ሃያ አንድ ቀን፣ ሠላሳ ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ነው የመጣችው። አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ሳንባዋ ትንሽ አስቸግሯት ነበር፣ አሁን በራሷ ትተነፍሳለች። በመስታወት ሙቀት ሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጧት፤ እጄን በቀዳዳ አስገብቼ እነካታለሁ። ጣቴን ስትይዝ አትለቅም።

ስለ ደብዳቤዎ ይስሙኝ፣ ደግሜ እነግርዎታለሁ፣ እንዳይጠራጠሩ፦ እርስዎ የጻፉት የደረሰው ከወለድኩ በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው። ብዙ ደም ፈሶኝ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ፎቅ አዛውረውኝ ነበር። የበፊቷ ነርስ ፖስታዎን ኪሷ ከታ፣ "ቆማ ስትራመድ እሰጣታለሁ" ብላ ይዛው ኖራለች። የሰጠችኝ ከትናንት ወዲያ ነው። የኋለኞቹንም አብራ። እንግዲህ ያለጊዜዬ ያስወለደኝ እውነትዎ አይደለም፤ ልጅቱ በራሷ ቸኩላ ነው የመጣች።

አነበብኩት። መጀመሪያ አለ የሚለውን ነው ያነበብኩት፣ እንዳዘዙኝም አረፍኩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው። ከዚያ በጣም ተናደድኩ። በእርስዎ አይደለም።

ይህን ለልጅዎ ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ይስማ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ተኝቻለሁ። ያንን ችዬዋለሁ። ያንን ለቻለች ሴት እግር ምኗ ነው! እኔ አልደግፍህም ብዬ አላውቅም፤ አንተ ግን እንዳልጠየቅ አደረግኸኝ። ይህ ከፍሬኑ ይልቅ ጎድቶኛል። ልጅህ ሁለት ኪሎ ከግማሽ እስክትሞላ አይለቁንም፤ ስለዚህ እኔ መምጣት አልችልም። አንተ ትመጣለህ። ካልመጣህ ደግሞ ያኔ በእውነት ጥለኸን ሄደሃል ማለት ነው፣ ስምህንም እንዲያ ብዬ እነግራታለሁ።

አሁን ቱርኮቹ። ቢጫው ኩስ ከዶሮዎቹ የሚጋባ በሽታ ነው፤ ለዶሮ ምንም አይደለም፣ ለቱርክ ግን ይከፋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለየት እንደነበረባቸው ሳልነግርዎት ቀረሁ፤ ይህኛው የኔ ጥፋት ነው። ዛሬውኑ ጤነኛውን ቱርክ፣ ዶሮ ወዳልረገጠው መሬት፣ ወደ ኋለኛው ግቢ ያዛውሩት። የታመመውን ለብቻው አድርገው የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ ምናልባት አይተርፍም፣ አይዘኑ። ትልቋንም ከነጎጆዋ አጥር ይከልሉላት፣ ዶሮ አጠገቧ አይድረስ።

በአሥር ቀን እመጣለሁ ያሉትን ይተዉት፤ ብቻዎን አይምጡ። እሱን ያምጡት።

ልጅዎ፣ ምራትዎ


ሚያዝያ 27

ልጄ፤

እንደምን አለሽ? የልጅ ልጄስ? ሁለት ኪሎ ከመቶ ደርሳለች ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ በየቀኑ አንድ ኪሎ ስኳር በእጄ እያነሳሁ፣ ሁለት አደርግና እገምታለሁ።

እንዴት ነው ብለሽ ደጋግመሽ ስለጠየቅሽኝ፣ እንዳለ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤለታለሁ። እንዳልሽው ጮክ ብዬ። "ፍሬኑ" የሚለው ላይ ስደርስ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ፣ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከጎኑ የተኛ ሽማግሌ "ይቺን ሴት ካልሄድክላት እኔ እሄድላታለሁ" አለው። አልሳቀም።

ከሆስፒታል ከወጣ ዛሬ ሰባት ቀኑ ነው። ሁለት ክራንች ሰጥተውታል፣ ከግድግዳው አስደግፎ አስቀምጧቸዋል፤ ለሽንት ቤት ብቻ ነው የሚያነሳቸው። ከኔ ጋር አይጣላም። ቢጣላ ይሻለኝ ነበር። እሺ፣ አይ፣ ጠገብኩ፤ ሦስት ቃል ነው ያለው። እንሂድ ባልኩት ቁጥር "ሲሻለኝ" ይላል። ከምን ሲሻለው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እግር አይበቅል።

ሐሙስ ዕለት ትልቋ ቱርክ ፈለፈለች፤ ዘጠኝ። በዚያው ዝናቡ ወረደ፣ ሦስት ቀን አላባራም። ጎጆዋ ውኃ ገባው፣ እሷም ስትንቆራጠጥ ሁለቱን ረገጠችብኝ። የቀሩትን ሰባት በቅርጫት ሰብስቤ፣ ትኩስ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከሱ አልጋ ሥር አስቀመጥኳቸው። ደረቅ ክፍል እሱ ብቻ ነው። ሆን ብዬ ነው ወይ እንዳትይኝ፤ ግማሹ ሆን ብዬ ነው።

አስተማሪ ጫጩት የላቸውም። ሰባቱም እንቁላሉ ላይ ቆመው ግድግዳውን ያያሉ፣ እሱም አልጋው ላይ ሆኖ ግድግዳውን ያያል። ስምንት ሆኑብኝ። እኔ ደግሞ ጉልበቴ መሬት ላይ አያስቀምጠኝም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሰዓት ሠሪው ነው ያነሳኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እንስሳት ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ ብዬው ወጣሁ። ስለ ሕመምተኛው ቱርክ ነው ያልኩት፤ እሱ ከሞተ እኮ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ልጄ ግን አያውቅም። ይኸው ደግሞ ዋሸሁ። አልሄድኩም፤ በሰዓት ሠሪው መስኮት ቆሜ ወደ ክፍሉ አየሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ምንም የለም። ከዚያ ተነሳ። አልጋውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ በጎኑ መሬት ላይ ወረደ። ልሮጥ ስል ሰዓት ሠሪው ክንዴን ያዘኝ። ልጄ በክርኑ ተደግፎ ተጋደመና በጣቱ እንቁላሉን መታ መታ ያደርግ ጀመር። እንዴት እንደሚደረግ ከማን እንዳየው አውቃለሁ፤ አንቺ ስታደርጊው ቆሞ ሲያይሽ ኖሯል።

ስገባ ከፍቅፋቂው መሃል ተጋድሞ ነው ያገኘሁት። "የት ቆየሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። "ውኃው ቀዝቅዟል፣ ጠርሙሱን ለውጪ! ይቺኛዋን ማን ነው ዳር ያስቀመጣት፣ በብርድ ልትሞት ነበር እኮ!" ልጄ፣ እንዲያ ከተቆጣኝ ወር ከምናምን ሆኖት ነበር። "ይቅርታ ጌታዬ" ብዬ ውኃ ላፈላ ሄድኩ፤ እማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሰዓቱ እሱ ነው የሚያበላቸው። ስድስቱ በደንብ ይለቅማሉ፣ አንዷ ገና ናት። ሳማውን እኔ እከትፋለሁ፣ ደቀቀ አልደቀቀም ብሎ ይመልስልኛል። ሻለቃ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

ስላንቺ ግን ምንም አላለም ነበር፤ እኔም አላነሳሁበትም። ዛሬ ጠዋት ክራንቹን አንስቶ ከክፍሉ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ክፍሉ ሲመላለስ አየሁት። ከበሩ ደፍ ላይ ይቆማል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ላብ አጥምቆታል። አንድ ጊዜ ወደቀ። አልሄድኩለትም፤ ጥርሴን ነክሼ ስፌቴን ሰፋሁ። በመጨረሻ መጥቶ አጠገቤ ቆመና በጆሮዬ ሥር ጮኸ፦

"እሷ ያለችበት ፎቅ ስንት ደረጃ አለው?"

"እኔ ምን አውቄ!" አልኩት። "ጻፍና ጠይቃት።"

"መልሱ እስኪመጣ ሳምንት ነው" አለ።

እንግዲህ ደረጃውን ብትቆጥሪልን ጥሩ ነበር፣ ግን አትድከሚ። ሰባቱን ጫጩት ለሰዓት ሠሪው ሰጥተናል፤ ልጄ ራሱ አስቀምጦ አስተማረው፣ ጠጠሩን እንዳይነካ አስምሎታል። ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንነሳለን። ሱሪውን አሳጥሬ ሰፍቼለታለሁ፤ ስፌቱ አይታይም።

ሲደርስ ታች ቆመሽ አትጠብቂው፣ ደግሞም ልርዳህ ብለሽ አትውረጂ። ልጅቱን ታቅፈሽ እላይ ሁኚ። ደረጃው ስንትም ይሁን፣ እሱ ይወጣዋል።

አማትሽ